ስኳርን የሚቈርጡ ኢንዛይሞች በዘራቸውና በሥራ ቦታቸው እንዴት እንደሚለዩ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በአዳማና በዙሪያዋ፥ ከዚያም እስከ መተሐራና እስከ ሻሸመኔ ድረስ በስምጥ ሸለቆው አገር የሚኖር ሰው ሁሉ የስኳርን ነገር ያውቃል። ከአዳማ በስተደቡብ፥ በአዋሽ ወንዝ ዳር፥ በወንጂ በ1946 ዓመተ ምሕረት የስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሸንኮራ አገዳ የዚህ አገር ትልቅ እርሻ ሆኗል። በየቤቱም እናቶች ብቅል አብቅለው ጠላ ይጠምቃሉ፤ ይህንንም በኦሮምኛ ፋርሶ ይሉታል። አገዳ የሚቈርጥ ሠራተኛና ብቅል የምታሰጣ እናት ሥራቸው የተለያየ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ዘወትር የሚገናኙት ከአንድ ዐይነት ነገር ጋራ ነው፤ ይኸውም ስኳርን የሚቈርጥ ኢንዛይም ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ እነዚህን ኢንዛይሞች ሊቃውንት በየቤተሰባቸው እንዴት እንደ ለዩአቸው ማስረዳት ነው። አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር፤ ኢንዛይምን በሚሠራው ሥራ ብቻ ስም ብናወጣለት ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። ዘሩን ለማወቅ የተሠራበትን ፊደል ማንበብ፥ አሠራሩንም ለማወቅ የሥራ ቦታውን መመርመር ያስፈልጋል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ሊቃውንትን ብቻ አይደለም፤ በአገዳው ማሳ፥ በጠላው ጋንና በሶዳ ሐይቆቻችን ውስጥ ያለውን ሀብት ለመጠበቅም ያገለግላል።

፩ኛ፤ ኢንዛይም ምን እንደ ሆነ

ኢንዛይም ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ፥ በሰውም በእንስሳም በተክልም፥ በዐይን በማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያንም ውስጥ የሚገኝ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛ ማለታችን ነፍስ አለው ለማለት አይደለም። አንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ለውጡን ያፋጥናል፤ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ግን ራሱ ሳይለወጥ ይቀርና ሌላውን ይጀምራል። አብዛኛው ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። ፕሮቲንም አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዐይነት ጥቃቅን ነገሮች በተራ ተያይዘው የሚሠሩት ረዥም ሰንሰለት ነው፤ ይህም ሰንሰለት ተጠቅልሎና ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል።

ስኳር ስንል በሻይ የምንጨምረው ብቻ እንዳይመስለን። ግሉኮስ የሚባለው ስኳር እንደ መቍጠሪያ ዶቃ ነው። ብዙ ግሉኮሶች በአንድ ዐይነት ቋጠሮ ቢያያዙ በጤፍና በገብስ ውስጥ ያለውን ስታርች ይሆናሉ፤ እነዚያው ግሉኮሶች በሌላ ዐይነት ቋጠሮ ቢያያዙ ግን የጭድና የእንጨት አካል የሆነውን ሴሉሎስ ይሆናሉ። ዶቃው አንድ ሲሆን ቋጠሮው ስለ ተለየ ሰው እንጀራ በልቶ ይጠግባል፥ ጭድ በልቶ ግን አይጠግብም። ላም በጭድ የምትጠቀመው በሆዷ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሐዋስያን ያን ቋጠሮ የሚቈርጥ ኢንዛይም ስላላቸው ነው። የሸንኮራ ስኳር፥ ማለት ሱክሮስ፥ ደግሞ ሁለት ዶቃ ብቻ ነው፤ አንዱ ግሉኮስ፥ ሁለተኛው ፍሩክቶስ ነው። ስኳርን የሚቈርጥ ኢንዛይም በቋጠሮው ላይ ውሃ እያስገባ ይፈታዋል።

፪ኛ፤ በትምህርት ቤት የሚደረግ ፈተና

ይህን በቃል ብቻ ከማስተማር በዐይን ማሳየት ይሻላል። ጥቂት የስንዴ ዱቄት በብዙ ውሃ ይፈላና ቀጭን ሙቅ ይሠራል። ከቀዘቀዘ በኋላ በሦስት ብርጭቆ እኩል ይካፈላል። በመጀመሪያው ምንም አይጨመርበትም። በሁለተኛው ጥቂት ምራቅ ይጨመራል። በሦስተኛው አስቀድሞ በእሳት የፈላ ምራቅ ይጨመራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቈየ በኋላ ለቍስል ከሚቀባው አዮዲን በውሃ ቀጥኖ በየብርጭቆው ጥቂት ጥቂት ጠብታ ይደረጋል።

አዮዲን ስታርች ባለበት ሲገባ ወደ ጥቍር ሰማያዊ ይለወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ብርጭቆ ይጠቍራሉ፤ ሁለተኛው ግን በምራቁ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ስለ ቈራረጠው ጥቍረቱ ይቀንሳል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። የፈላው ምራቅ ያልሠራበት ምክንያት ሙቀት የኢንዛይሙን ቅርጽ ስላፈረሰው ነው። ከዚህም ተማሪዎች ሁለት ነገር ይማራሉ፤ ኢንዛይም እንዳለና ሥራውም በቅርጹ ላይ እንደ ቆመ። አዮዲን የገባበትን ማንም እንዳይቀምሰው መምህሩ ይጠንቀቅ።

፫ኛ፤ በሥራ ስም ማውጣትና ጕድለቱ

ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1961 ዓለም አቀፍ የኢንዛይም ኮሚሽን ለኢንዛይሞች ሁሉ እንደ ሥራቸው ቍጥር ሰጠ። ስኳር ከስኳር ጋራ የተያያዘበትን ቋጠሮ የሚቈርጡት ሁሉ ቍጥራቸው በ3.2.1 ይጀምራል። የምራቅ አሚሌዝ 3.2.1.1፥ ሴሉሎስን ከመካከሉ የሚቈርጠው ሴሉሌዝ 3.2.1.4፥ የእርሾ ኢንቨርቴዝ 3.2.1.26 ተባለ። ይህ ሥርዐት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

ነገር ግን በሥራ ስም ማውጣት አንድን ሰው ሸማኔ ወይም አናጢ ብሎ እንደ መጥራት ነው። ሸማኔ ስንለው ምን እንደሚሠራ እናውቃለን፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ግን አናውቅም። ሁለት ሸማኔዎች ምንም ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል፤ ሁለት ወንድማማቾችም አንዱ ሸማኔ፥ ሁለተኛው አናጢ ሊሆን ይችላል። በኢንዛይምም እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ሴሉሌዝ ተብለው አንዱን ቍጥር 3.2.1.4 የያዙት ኢንዛይሞች ፊደላቸው ቢነበብ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ብዙ ዘሮች ሆነው ታዩ። የአገራችን ሽማግሎች ጋብቻ ሲታሰብ የሰውየውን ሙያ ከመጠየቅ አልፈው እስከ ሰባት ትውልድ ዘሩን እንደሚቈጥሩ፥ ሊቃውንቱም የኢንዛይሙን ዘር መቍጠር አስፈለጋቸው።

፬ኛ፤ ዘርን በፊደል ተራ ማወቅ

የኢንዛይም ዘር የሚቈጠረው በምንድን ነው? ይህን ለማስረዳት የቀድሞ ጸሐፍትን ሥራ እናስታውስ። አንድ ጸሐፊ ዳዊት በብራና ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፥ ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጡ ሁሉ ያችን ስሕተት ይወርሳሉ፤ የራሳቸውንም ይጨምራሉ። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት በብዙ ስፍራ አንድ ዐይነት ልዩነት ቢገኝባቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ እንደ ወጡ ይታወቃል። የኢንዛይምም መልክ ከወላጅ ወደ ልጅ ይገለበጣል፤ በብዙ ዘመን ውስጥም ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ በሌላው ይተካል። 20ዎቹ አሚኖ አሲዶች ፊደላት ቢሆኑ ኢንዛይሙ መጽሐፍ ነው ማለት ነው።

ለማስተማሪያ የተሠራ ትንሽ ምሳሌ እነሆ፤

ሀ. ለ መ ሰ ደ ረ ቀ ገ በ
ለ. ለ ነ ሰ ደ ረ ቀ ገ ተ
ሐ. ከ ጠ በ ለ ሰ ነ መ ደ

ሀ እና ለ ከ8 ስፍራ በ6ቱ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ዘመዶች ናቸው እንላለን። ሐ ግን ከሀ ጋራ በአንድ ስፍራ ስንኳ አይገጥምም። እውነተኛው ኢንዛይም ብዙውን ጊዜ በመቶ የሚቈጠሩ ፊደላት ስላሉት መመሳሰሉ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን መፍረድ ይቻላል።

በርናር ሄንሪሳ የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1991 ባወጣው ጽሑፍ የ301 ኢንዛይሞችን ተራ አነጻጸረ። ከእነዚህም 291ዱ በ35 ቤተሰብ ተከፈሉ፤ 10ሩ ብቻ ቤተሰብ አጡ። በ1993 ከአሞስ ባይሮክ ጋራ ሆኖ ቤተሰቦቹን ወደ 45 አደረሳቸው። ከ1998 ጀምሮ በማርሴይ ከተማ ካዚ የሚባል ለሁሉ ክፍት የሆነ መዝገብ ይህን ሥራ ይዞ ይገኛል፤ ስኳርን የሚቈርጡት ኢንዛይሞች ቤተሰብም ዛሬ ከ180 በላይ ደርሷል። ፊደላቸው በጣም ተራርቆ ሳለ ቅርጻቸውና የሥራ ቦታቸው የሚመሳሰል ቤተሰቦች ሲገኙም በአንድ ነገድ ይጠቃለላሉ። ስለዚህ ቤተሰብ የቅርብ ዝምድና፥ ነገድ ደግሞ የሩቅ ዝምድና ነው።

፭ኛ፤ የሥራ ቦታ

ገልባጭ ብዙ ቃል ቢስት አንባቢ ይታገሠዋል፤ የዐረፍተ ነገሩን ማሰሪያ ቢያጠፋው ግን ነገሩ ይፈርሳል። በኢንዛይምም ውስጥ ቢለወጡ ሥራው የሚቀር ጥቂት ፊደላት አሉ። እነዚህ የሚገኙበት ስፍራ የሥራ ቦታ ይባላል። በብዙዎቹ ስኳር ቈራጮች የሥራ ቦታው ዋና መሣሪያ አስፓርቴትና ግሉታሜት ከሚባሉት አሲዶች የተመረጡ ሁለት ናቸው፤ በመቀስ ሁለት ስለቶች ይመሰላሉ። ሌላው ፊደል በዘመን ብዛት ሲለዋወጥ እነዚህ በቤተሰቡ ሁሉ ዘንድ ጸንተው ይኖራሉ።

አሜሪካዊው ሊቅ ዳንኤል ኮሽላንድ በ1953 እንዳስረዳው አቈራረጡ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ገልባጭ ይባላል፤ ውሃ በአንድ ጊዜ ከበስተጀርባ መጥቶ ቋጠሮውን ይፈታል፥ የተቈረጠው ስኳር ጫፍም ፊቱ ይገለበጣል። ሁለተኛው ጠባቂ ይባላል፤ አስቀድሞ ከሁለቱ አሲዶች አንዱ ራሱ ስኳሩን ይይዛል፥ ቀጥሎም ውሃ መጥቶ ያስለቅቀዋል። ቂጣ በምጣድ ላይ አንድ ጊዜ ቢገለበጥ ፊቱ ይለወጣል፤ ሁለት ጊዜ ቢገለበጥ ግን ወደ ቀድሞው ፊቱ ይመለሳል። ጠባቂውም ሁለት ጊዜ ስለሚገለብጥ የስኳሩ ፊት እንደ ቀድሞው ሆኖ ይወጣል።

ይህ ልዩነት በሥራ ቦታው ስፋት ይታወቃል። በጠባቂው ሁለቱ አሲዶች 5.5 አንግስትሮም ያህል ይራራቃሉ፤ በገልባጩ ግን በመካከል ውሃ መግባት ስላለበት 10 አንግስትሮም ያህል ነው። አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር ዐሥር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ከጥቂቶች በቀር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ሁሉ በአንድ ዐይነት አቈራረጥ ይሠራሉ። ስለዚህ ቤተሰቡን ያወቀ ሰው አሠራሩንም አወቀ ማለት ነው። ሴሉሌዞችን እንመልከት፤ በ5ኛውና በ7ኛው ቤተሰብ ያሉት ጠባቂዎች ሲሆኑ በ6ኛውና በ9ኛው ያሉት ገልባጮች ናቸው።

የሥራ ቦታውም መልክ ሦስት ዐይነት ነው። እንደ ኪስ የሆነው ከሰንሰለቱ ጫፍ ይቈርጣል። እንደ ቦይ የሆነው ሰንሰለቱን ከመካከል ይይዛል። እንደ ዋሻ የሆነው ደግሞ ሰንሰለቱን በውስጡ እያሳለፈ ሳይለቅ ደጋግሞ ይቈርጣል።

፮ኛ፤ በብቅል ውስጥ ያሉት ሁለቱ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ገብስ ተዘፍዝፎ በቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል በውስጡ አልፋ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ይሠራል። ቤታ አሚሌዝ የሚባለው ግን በእህሉ ውስጥ አስቀድሞ ታስሮ የቈየ ነው፤ በሚበቅልበት ጊዜ ይፈታል። ሁለቱም ስታርችን ይቈርጣሉ፤ ሁለቱም በአንድ ፍሬ ውስጥ ይኖራሉ፤ ስማቸውም አንድ ነው። ይህን ያየ ሰው ወንድማማቾች ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ፊደላቸው ሲነበብ አልፋ አሚሌዝ የ13ኛው ቤተሰብ፥ ቤታ አሚሌዝ የ14ኛው ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ጠባቂ ነው፥ ሰንሰለቱንም ከመካከል ይቈራርጣል፤ ሁለተኛው ገልባጭ ነው፥ ከጫፍ ሁለት ሁለት ዶቃ ይቈርጣል። ይልቁንም የሚያስደንቀው በምራቃችን ያለው አሚሌዝ የ13ኛው ቤተሰብ መሆኑ ነው። ስለዚህ በአፋችን ያለውና በብቅሉ ያለው አልፋ አሚሌዝ ዘመዶች ሲሆኑ፥ በአንድ ፍሬ ውስጥ የሚኖሩት ሁለቱ ግን ባዕዳን ናቸው። አብሮ መኖር ዝምድና አይደለም፤ መራራቅም ባዕድነት አይደለም።

ሁለቱ ባዕዳን ግን ይረዳዳሉ። አንዱ ከመካከል በቈረጠ ቍጥር ለሁለተኛው አዲስ ጫፍ ይከፍትለታል። እርሾም ከዚህ የሚወጣውን ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል። ቤታው ሙቀትን ከአልፋው ይልቅ አይችልም፤ ብቅልን በብርቱ እሳት የሚያደርቅ ሰው አስቀድሞ የሚያጠፋው እርሱን ነው። እናቶች ብቅሉን በፀሓይ ማስጣታቸው ጥበብ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

፯ኛ፤ የወንጂና የመተሐራ አገዳ

በአገዳ እርሻ ነገሩ ገንዘብ ነው። አገዳ ከተቈረጠ በኋላ ሳይጨመቅ ቢቈይ በራሱ ውስጥ ያለው ኢንቨርቴዝ ሱክሮሱን ወደ ግሉኮስና ወደ ፍሩክቶስ ይቈርጠዋል። እነዚህ ሁለቱ ጣፋጭ ናቸው፤ ነገር ግን በፋብሪካው እንደ ሱክሮስ ረግተው ፍሬ ስለማይሆኑ ስኳሩ ሳይወጣ ይቀራል። ሙቀት በበዛ መጠን ጥፋቱ ይፈጥናል። ስለዚህ የተቈረጠ አገዳ ሳይዘገይ ወደ መጭመቂያው እንዲደርስ የሚያስፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚህም የቤተሰብ ትምህርት ይጠቅመናል። በአገዳ ውስጥ በጎምዛዛ ውሃ የሚሠራው ኢንቨርቴዝ የ32ኛው ቤተሰብ፥ የእርሾው ኢንቨርቴዝ ዘመድ ነው። ጎምዛዛ ባልሆነ ውሃ የሚሠራው ሌላው የአገዳ ኢንቨርቴዝ ግን የ100ኛው ቤተሰብ ነው። በአንጀታችን ሱክሮስን የሚቈርጠው ደግሞ የ31ኛው ነው። የእርሾውና የአንጀታችን ከአንድ ሱክሮስ ያንኑ ሁለት ዶቃ ያወጣሉ፤ ነገር ግን የእርሾው በፍሩክቶስ በኩል፥ የአንጀታችን በግሉኮስ በኩል ይዞ ይቈርጣል። ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት አያገኘውም፤ የሥራ ቦታውን የመረመረ ግን ያገኘዋል።

ከተቈረጠው አገዳ ጫፍ የሚገቡ ረቂቃን ተሐዋስያንም አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የ70ኛው ቤተሰብ ኢንዛይም ይዘው ሱክሮሱን ይቈርጡና ግሉኮሱን መልሰው ይቀጣጥሉታል፤ የሚወጣውም ዴክስትራን የሚባል ሙጫ ጭማቂውን ያወፍረዋል፥ ሥራውንም ያውካል። ይህ 70ኛው ቤተሰብ ከአሚሌዞቹ ከ13ኛው ቤተሰብ ጋራ በአንድ ነገድ ይቈጠራል። ከአንድ ነገድ የወጡ ሆነው አንዱ አፍራሽ፥ ሁለተኛው ሠሪ ሆነ። ዘርን ማወቅ አሠራርን እንደሚያስረዳ ሁሉ ሥራን ጨርሶ እንደማይወስን ከዚህ ልብ ይሏል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ፍርድ በፈተና ነው።

፰ኛ፤ የሶዳ ሐይቆቻችን

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ መቂን፥ ዝዋይን (ባቱን) እና ቡልቡላን አልፎ ወደ አብጃታና ወደ ሻላ ሐይቆች ያደርሳል። የእነዚህ ሐይቆች ውሃ ሶዳ የበዛበት ነው፤ ለመጠጥም ለመስኖም አይሆንም። ብዙ ሰው ስለዚህ እንደ ከንቱ ውሃ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ሌላ ፍጥረት በማይኖርበት ሶዳ ውስጥ የለመዱ ረቂቃን ተሐዋስያን አሉ፤ ኢንዛይማቸውም ሶዳን የሚችል ነው። ልብስ የምናጥብበት ሳሙናና ወረቀት የሚሠራበት እንጨት የሚቀቀልበት ውሃ ሶዳማ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ኢንዛይም በፋብሪካ ይፈለጋል።

በ1998 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ አማረ ገሰሰ ሶዳ ከሚወድ አንድ ባሲለስ ሁለት ዛይላኔዞች ለይተው ጠባያቸውን በጽሑፍ አወጡ። ዛይላኔዝ በአገዳ ገለባና በእንጨት ውስጥ ያለውን ዛይላን የሚባለውን የስኳር ሰንሰለት የሚቈርጥ ነው። ሁለቱ ክብደታቸው 23ና 48 ኪሎዳልተን ነበረ። በ2001 ደግሞ በስዊድን አገር የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሻላ፥ ከአብጃታና ቢሾፍቱ አጠገብ ካለው ከአረንጓዴ ሐይቅ ስታርችን የሚቈርጡ ባክቴሪያዎች ማግኘታቸውን ገለጡ።

ስለ ዛይላኔዞች በጠቅላላው ትንሹ አብዛኛውን ጊዜ ከ11ኛው፥ ትልቁ ከ10ኛው ቤተሰብ ይሆናል። ነገር ግን ክብደት ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱ ፊደሉን በማንበብ ነው። ሁለቱም ቤተሰቦች ጠባቂዎች ናቸው፤ ቅርጻቸውና ነገዳቸው ግን የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። የአብጃታ ሐይቅ ወደ እርሱ ከሚወርደው ውሃ ለመስኖ ስለሚጠለፍ፥ ከሐይቁም ለሶዳ ማምረቻ ውሃ ስለሚቀዳ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እጅግ ጐድሏል። ያልተነበበ ብራና ቢቃጠል የጠፋው ቆዳው አይደለም፥ በውስጡ የተጻፈው ነው። ሐይቅም ሲደርቅ የሚጠፋው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ማንም ያላነበባቸው የኢንዛይም ፊደላት አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ በሐይቁ ዳር ያሉ መምህራንና ሽማግሎች ይህ ውሃ ከንቱ አለመሆኑን ለልጆቻቸው ቢነግሩ ትልቅ ሥራ ሠሩ።

መደምደሚያ

እንግዲህ ሦስት ነገር ይያዝ። ሥራ ስምን ይሰጣል፤ የፊደል ተራ ዘርን ያሳያል፤ የሥራ ቦታ አሠራርን ይገልጣል። ሦስቱን አስተባብሮ የሚመረምር ሰው አዲስ ኢንዛይም ቢያገኝ ከየትኛው ቤተሰብ እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚቈርጥ፥ ምንስ እንደሚጠቅም አስቀድሞ ሊገምት ይችላል፤ ግምቱንም በፈተና ያጸናዋል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘ ግን በብቅሉ ውስጥ እንዳሉት ሁለቱ ባዕዳንን ወንድማማቾች ይላቸዋል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

፩. ስታርችና ሴሉሎስ ከአንድ ዐይነት ዶቃ ሲሠሩ ሰው በአንዱ ብቻ የሚጠግበው ስለ ምንድን ነው?
፪. የፈላ ምራቅ ስታርችን ያልቈረጠበትን ምክንያት ግለጥ።
፫. ገልባጭና ጠባቂ የሚባሉት ኢንዛይሞች በምን ይለያሉ? በቂጣ ምሳሌ አስረዳ።
፬. በብቅል ውስጥ ካሉት ሁለት አሚሌዞች የምራቃችን ዘመድ የትኛው ነው? በምን ታወቀ?
፭. የተቈረጠ አገዳ ቢዘገይ ምን ጥፋት ይደርሳል?
፮. የአብጃታ ሐይቅ ቢደርቅ ከውሃው ሌላ ምን ይጠፋል? ቤተሰቦችህን ጠይቀህ ስለ ሐይቁ የሚያውቁትን ጻፍ።